እናቴን ከዳያዜፓም ወደ ሲቢዲ ዘይት ቀየርኳት፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀናችን ነው

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 66 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ እኔ የመጣችው ባለፈው መስከረም ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ለቅሶው ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲላት አንድ ሐኪም ዳያዜፓም አዘዘላት። ለሁለት ሳምንት ተብሎ ነበር። ይኸው እስከዛሬ በየማታው ሁለት ባለ 5 ሚሊግራም ትውጣለች። ሻንጣዋን ስንፈታ ከበርበሬውና ከሽሮው መሀል በፌስታል የታሰረ የኪኒን ክምር አገኘሁ። ሳየው ደነገጥኩ። እሷ ግን "ይሄ ባይኖር አልመጣም ነበር" አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ኮሪደር ላይ ወደቀች። እጇ አበጠ እንጂ አልተሰበረም። ከዚያ በኋላ ይሄ ኪኒን መቆም አለበት ብዬ ቆረጥኩ። ማኅበር ላይ አንዲት ጓደኛዬ የሲቢዲ ዘይት ሰጠችኝ። 30 ሚሊሊትር ጠርሙስ ነው፣ ላዩ ላይ 1000 ሚሊግራም ይላል። ከካናቢስ ተክል ነው ግን አያሰክርም፣ ሱስ የለውም፣ ተፈጥሮ ነው አለችኝ። ኪኒኑን ከቁም ሳጥን ላይ ደበቅኩትና በየማታው አንድ ጠብታ ማንሻ ሙሉ ከምላሷ ሥር አደረግኩላት።

አራት ቀን እንደ ሕፃን ተኛች። እውነቴን ነው። ለጓደኛዬ ደውዬ አመሰገንኳት።

ትናንት እንቅልፍ የለም። ዛሬ ጠዋት ቡና ይዛ ስትመጣ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ከሳሎን ሆኜ ሰማሁት። እጇ ይንቀጠቀጣል። ያልባታል። ቴሌቪዥኑ ጆሮዬን ወጋኝ አጥፊው ትላለች። "ልቤ ከውስጥ ይሮጣል" አለችኝ።

ዘይቱን ወደ ሁለት ማንሻ ላሳድገው? ወይስ ሰውነቷ እየለመደው ነው?

—

ጤና አዳም (ሲያትል)

እህቴ አይዞሽ። እኔ ሲቢዲ መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ ቦታ ስብሰባ ሲኖር ሆዴ ይታወክ ነበር፣ አሁን ቀለል ብሎኛል። ሰውነት መርዙን ሲያስወጣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያንገላታል። ታገሺ፣ ጠብታውንም ትንሽ ጨምሪበት። ወደ ኪኒኑ ግን አትመለሺ።

—

ፋርማሲስቷ (ሚኒያፖሊስ)

የእማዬ ልጅ፣ ይህን ካየሽ ሌላውን ሁሉ ተይውና አሁኑኑ ሐኪም ጋ ደውይ። ዘይቱን አትጨምሪ።

እናትሽ ላይ የምታዪው የዳያዜፓም መቋረጥ ነው። ስድስት ዓመት የተወሰደ ነገር በአንድ ቀን ሲቆም ሰውነትን ሊያንፈራግጥ ይችላል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። ግራ ከተጋቡ፣ የሌለ ነገር ካዩ ወይም ካንፈራገጣቸው 911 ደውይ። ሐኪም ካላገኘሽ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ኪኒኑን ይዘሽ ሂጂ፣ የዘይቱንም ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። የስንት ዓመት እንደሆነ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው።

ሌላውን ማታ እጽፋለሁ።

—

ሁለተኛ ዕድል (አትላንታ)

ፋርማሲስቷ ያለችውን እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

ዛናክስ ለሦስት ዓመት ወስጃለሁ። አልፕራዞላም የሚባለው የዳያዜፓም ዘመድ ነው። ኢንሹራንሴ ሲቋረጥ ገንዘቡ ከበደኝና በቃ ልተወው አልኩ። ወንድ ልጅ አይደለሁ፣ እችለዋለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ወደቅኩ። ምንም አላስታውስም። ያየኝ ልጅ ነው የነገረኝ፤ እንደሚጥል በሽታ ሙሉ ሰውነቴ ተንፈራገጠ፣ ምላሴን ነከስኩ። የነከስኩበት ጠባሳ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ቆሜ የነበርኩት ዕቃ ከሚያነሳው ፎርክሊፍት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር።

እባክሽ እህቴ፣ ዛሬውኑ።

—

የእማዬ ልጅ

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው። ደም ግፊቷ 178 ሆኖ ነው የደረስነው። ሐኪሟ ሁሉንም ነገር ሰምታ የድሮውን መጠን፣ 10 ሚሊግራሙን እንድትጀምር አደረገች። አልተቆጣችኝም። "ሐሳብሽ ልክ ነው፣ አካሄድሽ ነው ያልሆነው" አለችኝ። አሁን ተኝታለች። እጇን ይዤ ነው ያለሁት፣ አይንቀጠቀጥም።

ቤት ስገባ እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

—

ፋርማሲስቷ

እፎይ። እንኳን ደህና ሆኑ።

አሁን ረጋ ብለን እንነጋገር። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ያስተኛቸው ዘይቱ አይመስለኝም። ዳያዜፓሙ ራሱ ነው። ዳያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው። የዋጡት ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ጉበት ሲፈጨው የሚወለደው ሌላ ነገር አለ፣ እሱም እንደ መድኃኒቱ ያረጋጋል፤ እሱ ደግሞ እስከ 100 ሰዓት ይቆያል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ከዚህም ይረዝማል። ስድስት ዓመት በየማታው የተጠራቀመ ነገር ሰኞ ቢቆም ሐሙስም ደም ውስጥ አለ። ማንሳፈፉን ያቆመው አምስተኛው ቀን ላይ ነው። የሁለተኛ ዕድል ዛናክስ ግን ቶሎ ስለሚወጣ በሦስተኛው ቀን ጣለው።

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ኪኒን ያቆማል፣ ሌላ ነገር ይጀምራል፣ አራት ቀን ደህና ይሆናል፣ አዲሱ ነገር ሠራ ይላል። ለጎረቤት ያወራል። ችግሩ ሲመጣ ደግሞ "ሕመሜ ተመለሰ" ይላል።

ሁለቱ ነገሮች የሚሠሩትም በአንድ መንገድ አይደለም። አእምሯችን ጋባ የሚባል የራሱ ማረጋጊያ አለው፤ እንደ መኪና ፍሬን በይው። ዳያዜፓም የጋባን ፍሬን ያጠነክረዋል። ለወራት ሲቆይ አእምሮ "ፍሬኑ በዝቷል" ብሎ የራሱን እያላላ ይሄዳል። ኪኒኑ በድንገት ሲነሳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለው መኪና ሆኖ ይቀራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የድምፁ መውጋት ያ ነው። ሲቢዲ ያንን የላላ ፍሬን አይተካም። ሐኪሞች ከዳያዜፓም ወደ ሌላ የራሱ ቤተሰብ፣ ቤንዞዲያዜፒን ወደሚባሉት መድኃኒቶች፣ መቀየር ይችላሉ። ወደ ሲቢዲ እንደዚያ መቀየር አይቻልም።

ኪኒኑን ሰይጣን አላደርገውም ደግሞ። ሊዮ ስተርንባክ የሚባል ኬሚስት ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆፍማን ላ ሮሽ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ሲሠራ ነው የዚህን የመድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያውን ያገኘው። ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም ማለትም ዳያዜፓም በ1963 እንደ ፈረንጆቹ ገበያ ወጡ። ከእነሱ በፊት ለእንቅልፍ የሚሰጡት ባርቢቹሬቶች ትንሽ ከበዙ ይገድሉ ነበር። ዛሬም አንድ ሕፃን መንፈራገጡ አልቆም ሲለው፣ መጠጥ ያቆመ ሰው አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕይወት የሚያተርፈው ይሄው መድኃኒት ነው። ችግሩ ለሁለት ሳምንት የታሰበው ስድስት ዓመት ሲሆን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2020 በጥቁር ሳጥን የሚጻፈውን ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው። በታዘዘው መጠን የወሰደም ሰው ቢሆን ሰውነቱ ይለምደዋል፣ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል ይላል።

—

ጤና አዳም

ፋርማሲስቷ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን አሁን ሳነበው አፈርኩ። የእማዬ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። "ጨምሪ" ማለት አልነበረብኝም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከልቤ ነው። እኔ ላይ ሠርቷል። ኪኒን ከፋብሪካ ነው፣ ይሄ ከምድር የበቀለ ነው። ለምንድነው ሐኪሞች ሁሌ ለፋብሪካው የሚያደሉት?

—

ፋርማሲስቷ

ይቅርታ መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄሽም ጥሩ ነው።

ከምድር መብቀሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም እህቴ። አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ ነበር። ለኮሶ ትል ይሠራል። ግን መጠኑ ካለፈ ዓይን የሚያጠፋ፣ ሰው የሚገድል ነገር እንደሆነ ያውቁ ነበር። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። አስተናግርም ከምድር የበቀለ ነው፤ ማን ለእናቱ ይሰጣል? አያቶቻችን የሚጠይቁት ምን ያህል፣ ለማን፣ መቼ ነው። እኔም ሲቢዲን የምጠይቀው ያንኑ ነው።

ምን ያህል ለሚለው፣ ብራዚል ውስጥ ሪቤይራኦ ፕሬቶ የሚባል ከተማ አለ። የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እዚያ ሲቢዲን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በ1993 ያወጡት ጥናት አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት ነው። ጤነኛ ሰዎችን ካሜራ ፊት ንግግር አድርጉ ብለው አስጨነቋቸው። ለአንዳንዱ 300 ሚሊግራም ሲቢዲ፣ ለአንዳንዱ 10 ሚሊግራም ዳያዜፓም፣ ለአንዳንዱ ባዶ ኪኒን። ዳያዜፓም ከንግግሩ በፊትም በኋላም አረጋጋ። ሲቢዲ ያረጋጋው ከንግግሩ በኋላ ነው። በ2011 ደግሞ ሰው ፊት መናገር በሽታ ለሆነባቸው 24 ሰዎች ግማሾቹን 600 ሚሊግራም ሰጧቸው፤ ጭንቀታቸው በግልጽ ቀነሰ። ስለዚህ አንቺ የተሰማሽ ነገር ቅዠት አይደለም። ሲቢዲ ጭንቀት ላይ የሆነ ነገር ይሠራል።

አሁን ጠርሙሱን እይው። 1000 ሚሊግራም በ30 ሚሊሊትር። አንዱ ማንሻ 1 ሚሊሊትር ቢይዝ 33 ሚሊግራም ነው። የብራዚሎቹ 300 ጋ ለመድረስ ዘጠኝ ማንሻ ልትውጪ ነው። ጠርሙሱ በሦስት ቀን ያልቃል። ደግሞ ብዙ ቢሆን ይሻላል ማለትም አይደለም። በ2019 ያው ቡድን 150፣ 300 እና 600 ሚሊግራም አወዳድሮ የሠራው 300ው ብቻ ነበር። 150ው አልሠራም፣ 600ውም አልሠራም።

ለእንቅልፍ ያለው ማስረጃ ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው። ያው የብራዚል ቡድን ለ27 ጤነኛ ሰዎች 300 ሚሊግራም ሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ ተከታተላቸው፤ እንቅልፋቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ በ2019 የወጣ አለ፣ 72 የአእምሮ ሕክምና ታካሚዎች፣ አብዛኞቹ በቀን 25 ሚሊግራም። በመጀመሪያው ወር ከአምስቱ አራት ያህሉ ጭንቀታቸው ቀነሰ። እንቅልፍ ግን ለሁለት ሦስተኛዎቹ ተሻሽሎ ከዚያ ወዲህ ወጣ ገባ አለ። ባዶ ኪኒን የወሰደ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረበትም። ጠብቆ፣ ተስፋ አድርጎ የሚሻለው ሰው ብዙ ነው፤ ያንን መለየት አይቻልም።

ለማን ለሚለው ደግሞ፣ ሲቢዲ ጉበት ላይ ሌሎች መድኃኒቶች የሚፈጩበትን መንገድ ይዘጋል። ዳያዜፓምም የሚፈጨው በዚያው መንገድ ነው። ክሎባዛም የሚባለው የዳያዜፓም ዘመድ ከሲቢዲ ጋር ሲወሰድ ከሱ የሚወለደው ነገር በደም ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ "ኪኒኑንም ዘይቱንም ላድርግ" የሚል ሰው ካለ፣ ማደንዘዣ ላይ ማደንዘዣ እየደረበ ነው። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱም ከሐኪም ሳትነጋገሩ አትንኩት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 ያወጣው ሙከራም አለ፤ ጤነኛ ሰዎች ለአራት ሳምንት ሲቢዲ ወስደው ከመቶ 5 እስከ 6 የሚሆኑት ደማቸው ውስጥ ያለው የጉበት መጎዳት ምልክት ከልኩ ከሦስት እጥፍ በላይ ወጣ። ሲያቆሙ ተመለሰ። ማንም ሳይመረምራቸው ቤታቸው ለሚወስዱት ሰዎች ነው እኔ የማዝነው።

—

ሾፌሩ (ኮለምበስ፣ ኦሃዮ)

ሰላም ወገኖች። እዚህ ብዙ የጭነት መኪና ነጂ ስላለ ይሄን ልናገር።

ወገቤም እንቅልፌም አልሆን ብሎኝ ሲቢዲ ያለበት ከረሜላ ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ ቲኤችሲ፣ ማለትም የካናቢሱ የሚያሰክረው ነገር፣ የለውም ይላል፣ በትልቁ። ሁለት ወር ወሰድኩ። ከዚያ ድንገተኛ የሽንት ምርመራ መጣ። ቲኤችሲ ተገኘብህ ተባልኩ። ፓኬቱን ይዤ ሄድኩ፣ ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ፣ ማንም አላየልኝም። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በ2020 ባወጣው ማስታወቂያ "ሲቢዲ ነው የወሰድኩት" ማለት ምክንያት አይሆንም ብሎ ጽፏል። ያኔ አላነበብኩትም። አምስት ወር ከመንገድ ወጣሁ። ስሜ መዝገብ ውስጥ ገባ። የመኪናዬ ብድር ግን አልቆመም።

ሲዲኤል፣ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያላችሁ፣ አትንኩት። እንቅልፉም ይቅር።

—

ፋርማሲስቷ

ሾፌሩ፣ ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። አንተ ብቻ አይደለህም። በ2017 አንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ምርመራ ነበር። ከኢንተርኔት 84 የሲቢዲ ምርቶች ገዝተው ላብራቶሪ አስገቡ። ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የተስማማው 26ቱ ላይ ብቻ ነው። 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። እዚህ አገር በታኅሣሥ 2018 የእርሻ ሕጉ ሲወጣ ሄምፕ የሚባለው፣ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ የካናቢስ ተክል፣ ተፈቀደ፤ ከዚያ ነዳጅ ማደያው ሁሉ መሸጥ ጀመረ። የሚያዘወትር ሰው ግን በዚያች ትንሽ መጠንም ሽንቱ ላይ ሊገኝበት ይችላል።

—

ዶሮ ሳይጮህ (ረሆቮት፣ እስራኤል)

ሻሎም ሰላም። ጤና አዳም ለጠየቀችው ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ እኔ የምኖርበት ከተማ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

የሲቢዲን ኬሚካላዊ አወቃቀር በትክክል የለየው ራፋኤል ሜኩላም የሚባል ኬሚስት ነው፣ በ1963፣ እዚሁ ረሆቮት ዋይዝማን የምርምር ተቋም ሲሠራ። ቡልጋሪያ ተወልዶ የመጣ ሰው ነው። ለምርምር ሀሺሽ ያስፈልገውና ፖሊስ ጋ ሄዶ ጠየቀ። ከኮንትሮባንድ የተያዘ 5 ኪሎ የሊባኖስ ሀሺሽ ሰጡት። አውቶቡስ ተሳፍሮ ይዞት ተመለሰ። ሽታው ተሳፋሪውን ሁሉ ግራ አጋባ ይላል ሲያወራው። በዓመቱ ቲኤችሲንም ለየው። በመጋቢት 2023 በ92 ዓመቱ አረፈ።

እኔን የሚገርመኝ ግን እሱ ራሱ ሲቢዲ ያለ ሙከራ ይሸጥ ብሎ አያውቅም። በሰው ላይ ሞክሩት፣ በደንብ ሞክሩት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ጮኸ። በ1980 ከብራዚሎች ጋር የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት። ሲቢዲ ከወሰዱት ስምንት ሰዎች አራቱ መንፈራገጡ ሊጠፋላቸው ምንም አልቀረም፣ ሦስቱም ተሻላቸው። ከዚያ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው ከሲቢዲ የተሠራው ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው መድኃኒት በ2018 አሜሪካ የተፈቀደው፣ ከባድ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች። በሐኪም ማዘዣ፣ የጉበት ምርመራ እየተደረገ። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እንደዚያ ተፈትኖ ያለፈ የለም።

—

ሲስተር ከአዲስ

ነርስ ነኝ። የእማዬን ታሪክ ሳነብ ስንት እናቶች ፊቴ ላይ መጡ።

ብዙዎቹ የጀመሩት ለቅሶ ላይ ነው። ባል ሲሞት፣ ልጅ ሲሞት። ቤተሰብ ተሰብስቦ "እሷ ካልተኛች ትሞትብናለች" ይላል። ኪኒኑ ይሰጣል። አርባው ያልፋል፣ ሙት ዓመቱ ያልፋል፣ ኪኒኑ ይቀራል። አንዲት እናት ስጠይቃት "እሱን ትቼ አልጋው ላይ ብቻዬን እንዴት እተኛለሁ?" አለችኝ። ስለ ኪኒኑ ነበር የጠየቅኳት፣ የመለሰችልኝ ስለ ባሏ ነበር።

የእማዬ ልጅ፣ ይቅርታ በይኝና፣ እማዬ ስለ አባትሽ ከሰው ጋ አውርታ ታውቃለች?

ሌላው ደግሞ፣ ያንን ዘይት ይዛችሁ ወደ አገር ቤት አትምጡ። እዚህ ካናቢስ ወንጀል ነው። ጠርሙሱ ላይ ቅጠሉ ተስሎ ጉምሩክ ላይ "አያሰክርም" ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

—

የዱባይዋ

ሲስተር ያለችው ላይ ልጨምር። በዱባይ ለምታልፉ፣ እዚህ የሲቢዲ ዘይት የተከለከለ ነው፣ ሌላ አገር ቢፈቀድም። ዳያዜፓምም ሆነ መሰሎቹን የምትይዙ ሰዎች ከመምጣታችሁ በፊት በኢንተርኔት ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ ጠይቁ፣ ማዘዣውንም ያዙ። አክስቴ ወደ አሜሪካ ስታልፍ እኔ ነኝ የሞላሁላት፣ ብዙም አያስቸግርም።

—

የእማዬ ልጅ (ከ11 ሳምንት በኋላ)

ሰላም። ቃል ስለገባሁ ተመለስኩ።

ሐኪም አገኘን። የመጀመሪያው አዲስ ታካሚ ላይ ዳያዜፓም አልጽፍም ብሎ መለሰን። ሁለተኛዋ ተቀበለችን። ከ10 ወደ 9 ሚሊግራም፣ ሦስት ሳምንት እዚያው። ከዚያ 8። አሁን 7 ላይ ነን፤ እዚህ ጋ ረዘም እናድርገው፣ አራት ሳምንት እንቆይ ብላለች። ወደ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ አለችን። መጀመሪያ ዓመት ስትል ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል።

እዚህ አገር ባለ 2 ሚሊግራም አለ። ባለ 5ቱ ቢጫ ነው፣ ባለ 2ቱ ነጭ። 9 ማለት አንድ ቢጫና ሁለት ነጭ። 8 ማለት አራት ነጭ። እማዬ ቁጥሩን ሳይሆን ቀለሙን ነው የያዘችው። 8 ላይ ስንደርስ "ዛሬ ቢጫዋ የለችም" ብላ ተከፋች። ያን ሳምንት ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሐኪሟ ወደ ኋላ አንመለስም፣ እዚሁ እንቆይ አለች። ቆየን። አለፈ።

እንቅልፉን በተመለከተ ለእንቅልፍ ማጣት የሚደረግ የንግግር ሕክምና አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ከኪኒን በፊት ይሞከር ያለው እሱን ነው። አማርኛ የሚችል ባለሙያ ስላጣን እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ። እማዬ በ3 ሰዓት አልጋ ውስጥ ትገባ ነበር፣ በሀበሻ ሰዓት። እስከ 6 ሰዓት ድረስ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን አፍጣ ነው። አሁን እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ የለም። ሳሎን ወንበሯ ላይ ዳዊቷን ትደግማለች፣ ዓይኗ ሲከብድ ተነስታ ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። ሌላው ቡናው ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡና ግማሹ እንኳን ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቡናውን ወደ ጠዋት አዛወርነው። ከኪኒኑ መቀነስ በላይ የተጣላንበት እሱ ነው።

ሲስተር፣ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ። አላወራችም ነበር። ሐኪሟ ጠየቀቻት፣ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። "አልጋው ሰፊ ነው" አለች። እሱን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ድምፄ ተቆረጠ። አሁን ከእኔ ጋ ታወራለች። ልጄን ከእሷ ጋ ነው የማስተኛው።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ መብራት አደረግን።

ዘይቱ ላይ ቂም አልያዝኩም። ጠርሙሱን ለጓደኛዬ መለስኩላት፣ ሁሉንም ነገር ነገርኳት። እሷም አልቅሳ ሰማችኝ፤ ለካ የራሷ እናትም አገር ቤት ያንኑ ኪኒን ይወስዳሉ።

—

ሁለተኛ ዕድል

እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ 14 ወር ነው የፈጀብኝ። ያ ሁሉ ፌስታል ሙሉ ኪኒንስ? ቤት ውስጥ ልጅ አለ ስላልሽ ነው።

—

ፋርማሲስቷ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የእማዬ ልጅ፣ ሽንት ቤት እንዳትጥይው፣ ለሰውም እንዳትሰጪ።

—

የእማዬ ልጅ

አይ፣ አልጣልኩትም። ፋርማሲው በር ላይ አሮጌ መድኃኒት የሚጣልበት ሳጥን አለ። ባለፈው ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ላስገባልሽ ስላት እምቢ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከፌስታሉ አንድ በአንድ እያወጣች ራሷ አስገባችው። 23 ፓኬት ነበር። ቆጥራ ነው ያስገባችው።